ባሕር ሳያዩ ባሕርን ማጥናት

የዘንድሮውን መጽሔት የሚያዘጋጁት ጓደኞቻችን፣ ከተመረቅን 20 ዓመት ስለሞላን፣ ስለ ሕክምና ትምህርት ቤታችን ታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ ጠይቀውኝ ነበር። እሺ አልኩ። ቁጭ ብዬ ስጀምር ግን ብዕሬ ወደ ሌላ ነገር ሄደ። ይቅርታ እየጠየቅኩ ስለ ውቅያኖስ ልጽፍ ነው። የሕፃናት ሐኪም ስለ ውቅያኖስ ምን አገባት የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ፍሬሽማን ሆነን ዶርም የተጋራኋት ልጅ የፊዚክስ ተማሪ ነበረች። የዚያን ጊዜ ሰዎች ታስታውሷታላችሁ፤ ስሜን እንዳትጽፊ ስላለችኝ አልጽፍም። መመረቂያ ጽሑፏን ስለ ውቅያኖስ ሞገድ ልሥራ ብትል፣ አንድ መምህር «ወደብ በሌለው አገር የምን ባሕር አመጣሽብን?» ብለው ሳቁ። ክፍሉም ተከትሎ ሳቀ። ማታ ዶርም መጥታ ስትነግረኝ እኔም ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር ቀልዱ ጥሩ መስሎኝ ነበር። እሷ መብራቱን አጥፍታ ተኛች፣ እኔም አናቶሚዬን ይዤ ወደ ንባብ ክፍል ወጣሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በከፊል ለዚያ ሳቅ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል እሠራ ነበር። ክረምቱ ከድቶ ማሽላው እሸት ሳይዝ ደርቋል። በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍላችን 12 አልጋ ነበረው፤ በአንዱ አልጋ ላይ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት እናስተኛ ነበር። የክንድ መለኪያው ቀይ ላይ የማያርፍለት ልጅ ሲመጣ ነርሶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ኤፍ-75 የምንለው ወተት ሲያልቅ ከጎረቤት ወረዳ እየለመንን አመጣን። በዚያ ዓመት በአገሪቱ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ከ10 ሚሊዮን በላይ ነበር።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ጓደኛዬ ደወለችና ያለሁበትን ነገርኳት። ዝም ካለች በኋላ «ይሄ እኮ ባለፈው መጋቢት ታውቆ ነበር» አለች። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ኤል ኒኞ መጀመሩን በመጋቢት 2007 አስታውቆ ነበር። ደሜ ፈላ። በመጋቢት እኛ ገበሬው ዘር ሲያዘጋጅ እያየን ነበር እኮ! «ማን ነው ያወቀው? መርከብ ላይ ያለ ሰው?» አልኳት። «ጠረጴዛ ላይ ያለ ሰው» አለችኝ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው የዚህን ጠረጴዛ ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት። (የውጪውን ታሪክ ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከሕንድ ነው። በ1899 የሕንድ ሜትሮሎጂ ኃላፊ የነበሩት ጆን ኤሊየት የዚያ ዓመት ዝናብ ጥሩ እንደሚሆን ተነበዩ። ዝናቡ ቀረ፣ ረሃብ ገባ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ። በዚያው ዓመት የዓባይ ሙላትም ዝቅተኛ ነበር፤ ማለት የእኛም ደጋ ክረምት ደክሞ ነበር። በ1904 በኤሊየት ወንበር የተቀመጡት ጊልበርት ዎከር የሚባሉ የካምብሪጅ የሒሳብ ሰው ናቸው። ስለ ዝናብ ያጠኑት ነገር አልነበረም። ቡመራንግ በመወርወርና የቡመራንግን በረራ በሒሳብ በመተንተን ነበር የሚታወቁት፤ የዋሽንት ነገርም ይወዱ ነበር። ዛሬ ቢሆን እንዲህ ያለ ሰው በኛ ቅጥር ኮሚቴ ፊት የሚያልፍ አይመስለኝም።

መሥሪያ ቤታቸው ሲምላ ነበር። ሲምላ በሂማላያ ግርጌ ያለች፣ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ የሚል ደጋ ከተማ ናት። ባሕሩ ሩቅ ነው። ዎከር ከዓለም ዙሪያ በፖስታና በቴሌግራም የተሰበሰበ ቁጥር አስመጡ፤ የአየር ግፊት፣ ሙቀት፣ ዝናብ፣ የወንዝ ሙላት። ከዚያ አንዱን ጣቢያ ከሌላው፣ አንዱን ወቅት ከቀጣዩ ጋር እያያያዙ ዝምድናውን፣ እኛ በባዮስታቲስቲክስ ኮሪሌሽን ያልነውን፣ ማስላት ጀመሩ። ኮምፒውተር የለም። የሚደምሩትና የሚያካፍሉት ሕንዳውያን ጸሐፊዎች ናቸው፤ ቀን ከቀን፣ ዓመት ካመት። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው።

ከዚያ የቁጥር ክምር የወጣው ነገር ግን ትልቅ ነው። በፓስፊክ ላይ የአየር ግፊት ከፍ ሲል በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ዝቅ ይላል፣ ያኛው ዝቅ ሲል ይህኛው ከፍ ይላል፤ እንደ ሚዛን። ዎከር በ1924 «የደቡብ ውዝዋዜ» የሚል ስም ሰጡት። በ1932 ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ባወጡት ቀመር ውስጥ የሆኖሉሉ፣ የማኒላ፣ የዳርዊን ግፊት አለ፣ የሕንድ ዝናብ አለ፤ ከነዚህ ጋር የዓባይ ሙላት አለ።

እዚህ ጋ ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ተነሣሁ። የዓባይ ሙላት ምን ማለት ነው? የጎጃም፣ የወሎ፣ የወለጋ ክረምት ነው። በዓመት ከሚፈሰው የዓባይ ውኃ ወደ 85 በመቶው ከኛ ደጋ ይሄዳል፣ በሙላት ወራት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ወደብ የለንም፣ ባሕር ምን አገባን ስንል፣ ዝናባችን ከመቶ ዓመት በፊት በውቅያኖስ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። የገባው ግን ግብፅ ላይ ተለክቶ ነው፣ በሌላ ሰው መለኪያ፣ በሌላ ሰው ስም።

ዎከር ውዝዋዜውን አዩት እንጂ ለምን እንደሚሆን ማስረዳት አልቻሉም። ትንበያቸውም ያሰቡትን ያህል አልሠራም፣ የተጠራጠራቸውም ሰው ብዙ ነበር። የሞቱት በ1958 መጨረሻ ነው። የሚያሳዝነው፣ የጎደላቸው መልስ ልክ በዚያን ጊዜ እየተለካ ነበር። በ1957 እና 1958 ብዙ አገሮች ምድርን በጋራ የለኩበት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነበር፣ በዚያው ሰሞን ደግሞ ትልቅ ኤል ኒኞ ተነሣ። ያን ቁጥር በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ያዩት የኖርዌዩ ያኮብ ብየርክነስ በ1969 ነገሩን ገጠሙት። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች በገና ሰሞን ለሚመጣው ሙቅ ውኃ የሰጡት ስም፣ ማለትም ኤል ኒኞ፣ እና የዎከር የግፊት ሚዛን የአንድ ነገር ሁለት ፊት ናቸው። ነፋሱ ውኃውን ይገፋል፣ የውኃው ሙቀት ነፋሱን ይለውጣል። ብየርክነስ በወገብ መስመር ላይ ለሚዞረው ነፋስ የዎከርን ስም ሰጡት።

በ1975 ደግሞ በሃዋይ የሚኖሩት ክላውስ ቪርትኪ ሌላውን ቁራጭ ጨመሩ። እሳቸው ያዩት በየደሴቱ ወደብ የተተከለ የውኃ ከፍታ መለኪያ የሚመዘግበውን ነው። በደህና ጊዜ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ሙቁን ውኃ ወደ ኢንዶኔዥያ በኩል ስለሚያከማቸው፣ ያኛው ዳር ከደቡብ አሜሪካው ዳር ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ነፋሱ ሲደክም ያ ክምር ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፤ ሞገዱ ፓስፊክን ለማቋረጥ ሁለት ሦስት ወር ይፈጅበታል። የኔ ዎርድ የሚያስፈልገው ጊዜ እንግዲህ እዚያ ውስጥ ነበር።

ጠረጴዛውን ብቻ እንዳላሞግስ አንድ ውድቀት ልንገራችሁ፤ ለሐኪም ደግሞ በጣም የሚገባ ውድቀት ነው። በ1982 የዘመኑ ትልቁ ኤል ኒኞ ሲነሣ ባለሙያዎቹ አላዩትም። በዚያ ሚያዝያ በሜክሲኮ ኤል ቺቾን የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ብናኙ ሳተላይቶቹን አሳስቷቸው ባሕሩ ቀዝቃዛ መሰለ። ከመርከብ የመጣው ትክክለኛ ሙቀት ደግሞ ከተለመደው በጣም ስለራቀ «የመለኪያ ስህተት» ተብሎ ከሒሳቡ ወጣ። ጥቅምት ላይ ፕሪንስተን ተሰብስበው ስለ ኤል ኒኞ ሲወያዩ ኤል ኒኞው መሀል ላይ ነበሩ። በሽተኛው ትኩሳቱ 41 ነው፣ ካርዱ ላይ ግን «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ተብሎ ተጽፏል እንደ ማለት ነው። ከመካከላችን ይህን ያላደረገ እጁን ያውጣ።

ከዚያ ኀፍረት የተወለደው ነው ዛሬ ያለው። በፓስፊክ ወገብ ላይ 70 ያህል የታሰሩ ተንሳፋፊ መለኪያዎች እስከ 1994 ድረስ ተተክለው አለቁ። ከምዕተ ዓመቱ መባቻ ጀምሮ ደግሞ አርጎ የሚባለው መጣ። ወደ 4,000 የሚሆኑ፣ የሰው ቁመት የሚያህሉ ሲሊንደሮች በዓለም ውቅያኖስ ሁሉ ይንሳፈፋሉ። እያንዳንዱ 1,000 ሜትር ይሰምጣል፣ እዚያ ከውኃው ጋር ይንሸራሸራል፣ ከዚያ እስከ 2,000 ሜትር ወርዶ ሙቀትና ጨዋማነት እየለካ ይወጣል፣ ለሳተላይት ያወራል፣ እንደገና ይሰምጣል። በየ10 ቀኑ። ቁጥሩ ለማንም በነጻ ክፍት ነው። ሐረርም ሆነህ፣ ሃዋይም ሆነህ የምታወርደው አንድ ፋይል ነው።

ጓደኛዬ ያወረደችው እሱን ነው። ከተመረቀች በኋላ አምስት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተማረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ኢንተርኔት ካፌ ገብታ የባሕር ሙቀት ፋይል በፍላሽ ትገለብጣለች፣ ማታ ማታ ፕሮግራም መጻፍ ራሷን ታስተምራለች። አንድ ቀን በሕንድ ውቅያኖስ ላይ በተሠራ ጥናት ውስጥ የማይገጥም ቁጥር አገኘችና ለጸሐፊው ጻፈች። «ስህተቱ የኔ ነው» የሚል መልስ መጣ። ሥራዋ የተጀመረው በዚህች መልስ ነው። ዛሬ ሳሪስ ካለው ቤቷ ሆና አውሮፓ ላለ አንድ የጥናት ቡድን የተንሳፋፊዎቹን ልኬት ታጣራለች፤ የትኛው መሣሪያ እንደታመመ፣ የትኛው እውነት እየተናገረ እንደሆነ ትለያለች። የ1982ቱ ታሪክ ለሷ የዕለት ሥራ ነው። በኮሮና ጊዜ ባልደረቦቿ ሁሉ ከቤት መሥራት ሲጀምሩ «አሁን ገና እኩል ሆንን» ብላኝ ስቀናል።

ግን እኩል አይደሉም፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ አይለኝም። ኮንትራቷ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው። መብራት በሄደ ቁጥር ስብሰባው ያለሷ ያልቃል። ሁለት ጊዜ ጥናቷን እንድታቀርብ ተጋብዛ ሁለት ጊዜ ቪዛ ተከልክላለች፣ ያቀረቡላት ሌሎች ናቸው። ባሕርን በዓይኗ ያየችው በ36 ዓመቷ፣ በባቡር ጅቡቲ ወርዳ ነው፤ ጣቷን ነክራ ቀመሰችውና «ከገመትኩት በላይ ጨው አለው» አለችኝ፣ ጨዋማነት የምትለካው ሴትዮ! ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ፣ በሥራዋ ላይ የሚወጣው አድራሻ የኛ አገር አድራሻ አለመሆኑ ነው። የሲምላን ጸሐፊዎች ሳነብ እሷ ናት ፊቴ የምትመጣው።

በማስተማር ላይ ያላችሁ የግቢያችን መምህራን ይህን ታነባላችሁና ለእናንተ አንዲት ነገር ልበል። ለዚህ ሥራ መርከብ አያስፈልግም፣ ወደብም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጠረጴዛ፣ የማይጠፋ መብራት፣ ደህና ኢንተርኔትና፣ ተማሪ ስለ ባሕር ሲጠይቅ የማይስቅ ሰው ነው። ሁለት ሦስት ልጆች የፓስፊክንና የሕንድ ውቅያኖስን ሙቀት ይዘው ከኛ ደጋ የዝናብ መዝገብ ጋር እያስተያዩ ቢሠሩ፣ የዓባይን ሙላት ከምንጩ የሚያነብ ሰው ይኖረናል። ድርቅ ሁሉ ከፓስፊክ አይመጣም፣ ረሃብ ሁሉም ከድርቅ አይመጣም፤ የ77ቱን ረሃብ የሚያስታውስ ሰው ጦርነትና የሰዎች ውሳኔ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። የክፉ ቀን ዘመንም ቢሆን ከዝናቡ ሌላ የከብቱ ደስታ በሽታ ነበረበት። ኤል ኒኞ ደግሞ የሰሜኑንና የመሀሉን ክረምት ሲያደክም፣ በጥቅምትና በኅዳር ሶማሌ ክልልን ጎርፍ ሊያስጥለው ይችላል። ውስብስብ ነው፤ ለዚህ ነው ሥራው የቆመ ሰው የሚፈልገው።

በግንቦት 2015 ጓደኛዬ ደወለችልኝ። «ምሥራቅ ፓስፊክ እየሞቀ ነው» አለች፣ ሌላ አላለችም። በማግስቱ አሁን ወደምሠራበት ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ወርጄ የኤፍ-75 ካርቶን ስንት እንደቀረን እንዲቆጠርልኝና ለሚቀጥሉት ወራት ተጨማሪ እንዲጠየቅ ለመንኩ። ፋርማሲስቱ በዕድሜ ይበልጡኛል። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ዶክተር፣ አሁን በሽተኛ በሌለበት፣ ይሄን ደግሞ ማን ነገረሽ?»

«አንዲት የባሕር ባለሙያ ጓደኛ አለችኝ።»

«የት ነው የምትሠራው?»

«ሳሪስ፣ ቤቷ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ቆጠራውን ጀመሩ።