የሲስተር ሚሪያም ላቦራቶሪ

እህቴ ከኦሃዮ ስትደውል መጀመሪያ የአገር ቤቱን ሁሉ ጠይቃ ነው ወደ ጉዳይዋ የምትገባው። ባለፈው ሰሞን ግን ሰላምታውንም በቅጡ አልጨረሰችው። «ወንድም ጋሼ፣ ይቺን ልጅ አንተ ምከርልኝ። ባዮሎጂ እማራለሁ ብላ ትንሽዬ የካቶሊክ ኮሌጅ መርጣለች። ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ካልወሰድሽ አትመረቂም ይላሉ አሉ። ሐኪም ልትሆን ነው ወይስ ቄስ? ዳርዊንንስ በትክክል ያስተምሯታል? ደግሞ ማተቧን ያስበጥሷት ይሆናል!»

ልብ በሉልኝ፤ ሁለት ፍርሃት ነው በአንድ ትንፋሽ የነገረችኝ። አንዱ ሳይንሷን ያጎድሉባታል፣ ሌላው ሃይማኖቷን ይወስዱባታል የሚል።

ሁለተኛውን ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ወዲህ ስንወርሰው የኖርን ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴም ሳያውቁት አልቀሩም። በ1950 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን እንዲመሩ ካናዳውያን ኢየሱሳውያንን፣ በነሉሲየን ማት አማካይነት፣ ሲሾሙ ሰዎቹ እምነታቸውን እንዳይሰብኩ፣ የክህነት ልብሳቸውንም እንዳይለብሱ ተደረገ። ኮሌጁ የመንግሥት እንጂ የካቶሊክ አልነበረም። ቢሆንም የአገራችን ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው ከረባት ባሰሩ ካህናት እጅ ነው። ከዚያ የወጡ አንድ አንጋፋ መምህሬ «ሰዓት ማክበርን እንጂ ቁርባናቸውን አላስተማሩኝም» ይሉን ነበር።

የመጀመሪያው ፍርሃት ምንጩ ሌላ ነው። አሜሪካና ዝግመተ ለውጥ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በ1925 ቴነሲ ውስጥ ዳርዊንን አስተምረሃል ተብሎ የተከሰሰው መምህር ነው። ያ የፕሮቴስታንት አክራሪዎች ጠብ ነበር። የካቶሊኮቹ ታሪክ ለብቻው ነው፤ ንጹሕ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በኖትረዳም ያስተምሩ የነበሩት አባ ጆን ዛም በ1896 ዝግመተ ለውጥና እምነት አይጣሉም የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። በ1898 የቫቲካን መጻሕፍት አጋጅ ጉባኤ ይታገድ ብሎ ወሰነ፤ ውሳኔው ግን በይፋ አልወጣም። ዛምም ያንን ርዕስ ተዉት። ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ የሰው ሥጋ ከየት መጣ የሚለውን ምሁራን ቢመረምሩት አልከለክልም፣ ነፍስን ግን የሚፈጥራት እግዚአብሔር ነው ያሉት በ1950 ነው፤ የኛው ኮሌጅ በተከፈተበት ዓመት መሆኑ ነው። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1996 ደግሞ ዝግመተ ለውጥ ከመላ ምት ያለፈ ነገር ነው አሉ። ለእህቴ ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩላትም። የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ሜንዴል ራሱ መነኩሴ ነበር ስላት ግን «ውሸት!» አለችኝ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ታሪክ ነው። ሚሺጋን ውስጥ አድሪያን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የዶሚኒካን እህቶች በ1919 እዚያ የሴቶች ኮሌጅ ከፈቱ፤ በኋላ ሲዬና ሃይትስ ተባለ። በ1913 የተወለዱት ኤስተር ስቲምሰን እዚያው ተማሩ፣ እዚያው መነኮሱ፣ ስማቸውም ሲስተር ሚሪያም ማይክል ሆነ። ሲንሲናቲ በሚገኝ የካቶሊክ የምርምር ተቋም ዶክትሬታቸውን ሠሩ፤ አድሪያን ውስጥም ላቦራቶሪ አደራጅተው ካንሰርን አጠኑ። ሙያቸው ኬሚስትሪ ይሁን እንጂ የሚያሳድዱት ነገር የባዮሎጂው እምብርት ነበር፤ የዲኤንኤ አራቱ ፊደላት ቅርጻቸው እንዴት ያለ ነው?

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የአንድን ሞለኪውል ቅርጽ ለማወቅ ኢንፍራሬድ ብርሃን ያሳልፉበታል። ውሃ ውስጥ ቢያሟሙት ውሃው ራሱ ብርሃኑን ይውጠዋል። በዘይት ቢለውሱት የዘይቱ ምልክት ይደባለቅበታል። ሲስተር ሚሪያም ምን አደረጉ? ንጥረ ነገሩን ፖታሲየም ብሮማይድ ከሚባል የጨው ዱቄት ጋር ቀላቀሉና በከባድ ግፊት ጨምቀው እንደ መስታወት የጠራች ትንሽ ክብ ሠሩ። ጨዉ ኢንፍራሬድን አያግድም። ይህን በ1952 አሳተሙ፤ ጀርመኖችም በዚያው ዓመት ለብቻቸው ደርሰውበት ነበር። በ1953 ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን ቅርጽ ሲፈልጉ አንዱ እንቅፋት የነዚያ ፊደላት ቅርጽ በመማሪያ መጻሕፍት ተሳስቶ መሳሉ ነበር። ያረማቸው አብሯቸው አንድ ክፍል የሚሠራ ኬሚስት ነው። ሲስተር ሚሪያም በዚያው ዓመት ሶርቦን ተጋብዘው ስለ ሥራቸው ንግግር አደረጉ። ሕዝብ ግን አላወቃቸውም። በ2002 አረፉ፤ ታሪካቸውን በ2004 በመጽሐፍ ያወጣው የዚያው ኮሌጅ የባዮሎጂ መምህር ጁን ቱጂ ነው።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሌለው ኮሌጅ ውስጥ መምህሩ ረዳት ሲፈልግ የሚጠራው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪውን ነው። መሣሪያውን የምትነካው የ19 ዓመት ልጅ ናት ማለት ነው። እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ባዮሎጂ ሞልተው በኮታ ወደኔ የተላኩ ልጆች ነበሩኝ፤ ወደ ባዮሎጂ የተላኩት ደግሞ ማይክሮስኮፑን ተሰልፈው በየተራ ያዩት እንደነበር አጫውተውኛል። ለፍልስፍናው ነገር አልጨነቅም፤ የማይድን በሽተኛ ፊት የሚቆም ሐኪም አንድ ቀን ያስፈልገዋል። የቀድሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር ሌላ ምን ይላል ብትሉኝም አልቀየማችሁም።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሲዬና ሃይትስ ከ1998 ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ነበር። በሰኔ 2025 ግን በ2025–26 የትምህርት ዘመን ማብቂያ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ያሸነፈው ዳርዊን አይደለም፤ ጳጳስም አላገደውም። ገንዘብ ነው። ከ100 ዓመት በላይ የኖረ ቤት! እንዲህ ያሉ ትናንሽ ኮሌጆች በአሜሪካ እየተዘጉ ነው።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ስልኩን ስትቀበል የማተቡን ነገር ለእናትሽ ተይላት አልኳት። «ሄደሽ ላቦራቶሪውን እዪ። ስንት ሆናችሁ እንደምትሠሩ፣ መሣሪያውን ማን እንደሚነካው ጠይቂ። ከዚያ የሒሳብ ክፍሉን በር አንኳኪና እኔ እስክመረቅ ትቆያላችሁ ወይ በይ።»

ዝም ብላ ቆየችና «አጎቴ፣ እሱን እንዴት ብዬ ነው የምጠይቃቸው?» አለችኝ።

ነገ እደውልልሻለሁ ብያት ነበር። ይኸው ሳምንት ሆነኝ።