ጂዝር፦ መልሱን ሳያውቁ የሚደርሱበት መንገድ

ውድ እህቶቼ፣ ሂሳብ የሚል ቃል ስላያችሁ ገጹን ገልብጣችሁ እንዳታልፉ። ታሪኩ የሚጀምረው እኛ በየቀኑ ከምንሰማው አረብኛ ነው። እኔ ያለሁበት ሰፈር ሰናኢያ ስሙን ያገኘው «ሲናዓ» ከሚለው ቃል ነው፤ ኢንዱስትሪ ማለት ነው። አስተማሪዎቻችን አልጀብራ ሲሉን የነበረውም እንደዚሁ የአረብኛ ቃል ነው። «ጀብር» የተሰበረን መልሶ መግጠም ማለት ሲሆን፣ ወጌሻም ከዚሁ ቃል ወጥቶ «ሙጀቢር» ይባላል።

ቃሉን ለሂሳብ ያዋለው በባግዳድ ይኖር የነበረው አል ኸዋሪዝሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ820 አካባቢ በጻፈው መጽሐፍ ያልታወቀውን ቁጥር «ጂዝር» ይለዋል፤ የዛፍ ሥር እንደማለት። አንዳንዴም «ሸይ» ይለዋል፣ ማለትም «ነገር»። እኛ ትምህርት ቤት ኤክስ ያልነው ያንኑ ነው። አል ኸዋሪዝሚ ኤክስ ስኩዌር ላለበት ኢኩዌሽን ደንብ አስቀመጠ። ደንቡን ከተከተልሽ ሥሩን ታገኚያለሽ።

ግን ደንብ የሌለው ኢኩዌሽን ሲመጣስ? መልሱ ከእሱም በፊት የነበረ ነው። የግብፅ እስክንድርያ ሰው የነበረው ሄሮን፣ በ1ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጎኖቹ 7፣ 8 እና 9 የሆኑ ሦስት ማዕዘን ስፋቱ ስንት እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። ሂሳቡ የ720ን ስኩዌር ሩት ጠየቀው። ልክ የሚመጣ ቁጥር የለም። ስለዚህ 27 ብሎ ገመተ። 27 በራሱ ሲባዛ 729 ነው፤ ትንሽ በዛ። 720 ለ27 ሲካፈል ደግሞ 26.67 ገደማ ነው፤ ይሄ አነሰ። እውነተኛው በሁለቱ መካከል ነው ማለት ነው። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት አካፈለና 26.83 ገደማ አገኘ። ይሄ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ከ720 የሚበልጠው በአንድ ሠላሳ ስድስተኛ ብቻ ነው። ካልበቃሽ በአዲሱ ቁጥር እንደገና ትጀምሪያለሽ።

ይሄን እኛም እናውቀዋለን። የሕፃን ገላ ስናጥብ የውሃውን ሙቀት በቁጥር የሚነግረን የለም። በክርናችን እንሞክራለን፤ ሞቀ ስንል ቀዝቃዛ፣ ቀዘቀዘ ስንል ሙቅ እየጨመርን ልኩ ላይ እንደርሳለን። ዋናው በዛ ወይስ አነሰ የሚለውን መለየት ነው።

በ1048 ኒሻፑር የተወለደው ዑመር ኸያም ደግሞ በሥዕል ሄደ። ኤክስ ሦስት ጊዜ በራሱ የሚባዛበትን ኢኩዌሽን ለመፍታት ሁለት ጠማማ መስመሮችን ሥሎ፣ የሚቋረጡበትን ነጥብ ሥሩ ነው አለ። አሥረኛ ክፍል ግራፉ የኤክስን መስመር የሚያቋርጥበትን ቦታ ስንፈልግ የነበረው የዚህ ዘመድ ነው። ግራፉ እዚህ ጋ ከመስመሩ በታች፣ እዚያ ጋ ከመስመሩ በላይ ከሆነ፣ መሃል ላይ የግድ አቋርጧል።

በሰመርቀንድ የነበረው አል ካሺ፣ በ1429 ከመሞቱ በፊት፣ የ1 ዲግሪን ሳይን ፈለገ። ግምቱን ኢኩዌሽኑ ውስጥ ያስገባል፣ የተሻለ ቁጥር ይወጣል፣ እሱን መልሶ ያስገባል። እንዲህ እያለ ከነጥብ በኋላ ከ15 በላይ ቁጥሮችን በትክክል አወጣ። ያለ ካልኩሌተር!

በ1824 ደግሞ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረው ኖርዌያዊው አቤል፣ ኤክስ አምስት ጊዜ በራሱ ለሚባዛበት ኢኩዌሽን፣ በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛት፣ በማካፈልና ሩት በማውጣት ብቻ ሁሉንም የሚፈታ ፎርሙላ እንደማይኖር አረጋገጠ። ስለዚህ ገምቶ ማረም የሰነፍ መንገድ አይደለም። ብዙ ጊዜ ያለው መንገድ እሱ ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ፤ ለጉዞ ብለን ወደምንበደረው ብር። ለምሳሌ አንዷ 20,000 ብር ተበድራ በየወሩ 2,000 ለ12 ወር ትከፍላለች እንበል። ጠቅላላው 24,000 ነው። አበዳሪው «ወለዱ 20 ከመቶ ነው» ይላታል። እውነት ይመስላል። ግን እሷ 20,000ውን ዓመት ሙሉ እጇ ላይ አላቆየችም፤ በየወሩ እየመለሰች ነው። እውነተኛው የወር ወለድ ስንት ነው? ይሄ ኤክስ 12 ጊዜ በራሱ የሚባዛበት ኢኩዌሽን ነው።

እንገምት። በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ወለዱን እንጨምር፣ 2,000 እንቀንስ፣ 12 ጊዜ እንድገም። ግምታችን ልክ ከሆነ መጨረሻ ላይ ዜሮ ይመጣል። በ2 ከመቶ ስንሠራ 1,459 ብር ገደማ ትርፍ ከፍላለች፤ ግምቱ አንሷል። በ3 ከመቶ 131 ብር ገደማ ዕዳ ይቀራል፤ በዝቷል። መሃሉን 2.5ን ስንሞክር 693 ብር ገደማ ትርፍ፤ አሁንም አነሰ። 2.75ም 289 ብር ገደማ ትርፍ ያሳያል። እንዲህ እያጠበብን 2.92 አካባቢ እንደርሳለን። በ12 ወር ሲባዛ 35 ከመቶ ነው። 20 የተባለው 35 ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

እህቶቼ፣ ለዚህ ስልካችን ላይ ያለው ካልኩሌተርና አንድ ወረቀት ይበቃል። አገር ቤት ያለች ታናሽ እህታችሁ ልትበደር ነው ከተባለ፣ ሦስት ነገር ጠይቋት፦ እጇ ላይ የሚገባው ስንት ነው፣ በየወሩ ስንት ትከፍላለች፣ ለስንት ወር። ከመፈረሟ በፊት ቁጭ ብላችሁ ጂዝሩን አብራችሁ ፈልጉ።