የኮምፒዩተር ሣጥንና የአየሩ መንገድ

ስለ ኮምፒዩተር ዕድገት ሲወሳ ፍጥነቱና የማስታወስ ችሎታው በሰፊው ይነገራል፤ ሙቀቱን ለማስወገድ የተደረገው ትግል ግን እምብዛም አይነሣም። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት የሚለወጥ በመሆኑ፣ ፍጥነትንና ሙቀትን ነጣጥሎ መመልከት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1946 በፊላደልፊያ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) 18,000 ያህል የቫኪዩም ቱቦዎች ሲኖሩት 150 ኪሎዋት ገደማ ይፈጅ ስለነበር፣ በታላላቅ ማራገቢያዎች ይቀዘቅዝ ነበር። በ1976 የወጣው ክሬይ-1 ደግሞ እንደ ፍሪጅ በፍሪዮን ይቀዘቅዝ ነበር።

ትንንሾቹ ኮምፒዩተሮች ለብዙ ጊዜ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነበሩ። በ1971 የተሠራው የኢንቴል 4004 ፕሮሰሰር 2,300 ትራንዚስተሮች ብቻ ስለነበሩት ማቀዝቀዣ አላስፈለገውም። በ1993 ግን 15 ዋት ያህል የሚፈጀው ፔንቲየም ሲወጣ በፕሮሰሰሩ ላይ ሂትሲንክና ፋን መግጠም እየተለመደ ሄደ።

ሂትሲንክ ስስ ዝርግ ክንፎች የተደረደሩበት አሉሚኒየም ወይም መዳብ ነው። መዳብ ከአሉሚኒየም ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሙቀትን ያስተላልፋል፤ ነገር ግን በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል ያሉትን ጥቃቅን ክፍተቶች ፔስት ካልሞላቸው፣ በዚያ የታሰረው አየር ሙቀቱን ያግደዋል። የሂትሲንኩ ጥራት የሚወስነውም ፕሮሰሰሩ በዙሪያው ካለው አየር በስንት ዲግሪ እንደሚበልጥ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ዋት 0.3 ዲግሪ የሚጨምር ሂትሲንክ 100 ዋት በሚያመነጭ ፕሮሰሰር ላይ ቢገጠም ልዩነቱ 30 ዲግሪ ይሆናል። እንግዲህ የሣጥኑ አየር 25 ዲግሪ ከሆነ ፕሮሰሰሩ 55፣ 45 ከሆነ ግን 75 ዲግሪ ይደርሳል። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያስወግደው ሙቀት ያነሰ ነው።

የአየሩን መንገድ ኢንቴል ራሱ በመጀመሪያ በሚገባ አላጤነውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው የሣጥንና የማዘርቦርድ ደንብ፣ የፓወር ሰፕላዩ ፋን አየር ከውጭ ስቦ በፕሮሰሰሩ ላይ እንዲነፋ ያመለክት ነበር። አንዱን ፋን ለሁለት ሥራ በማዋል ወጪ ለመቆጠብ ታስቦ ነው። ዳሩ ግን አየሩ ፕሮሰሰሩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ሲያልፍ ይሞቃል። ስለሆነም ደንቡ ኋላ ተሻሽሎ ፋኑ አየሩን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ሆነ።

ዋነኛው ፈተና የመጣው በ2004 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ፕሬስኮት የተባለው የፔንቲየም 4 ዝርያ፣ ከፍተኛው ዓይነት 115 ዋት የተመደበለት ነበር። ኢንቴል አስቀድሞ ለሣጥን ሠሪዎች ባወጣው መመሪያ፣ በጎን መዝጊያው ላይ ቀዳዳ ተበጅቶ የውጭው አየር በቱቦ በቀጥታ ወደ ፕሮሰሰሩ ፋን እንዲደርስ ጠይቆ ነበር፤ ግቡም ወደ ፋኑ የሚገባው አየር ከ38 ዲግሪ እንዳይበልጥ ነው። ከዚያም ቢቲኤክስ የተባለ አዲስ ደንብ አቀረበ። ይኸውም ፕሮሰሰሩን ወደ ሣጥኑ ፊት አምጥቶ ቀዝቃዛውን አየር በቅድሚያ እንዲያገኝ የሚያደርግ ነበር። አሠራሩ ከኤቲኤክስ የተሻለ ቢሆንም አዲስ ሣጥንም አዲስ ማዘርቦርድም የሚጠይቅ በመሆኑ ብዙዎቹ አምራቾች አልተከተሉትም።

ኢንቴል በዚያው በ2004 ቴጃስ የተባለውን ተከታይ ፕሮሰሰር ሰርዞ ፊቱን ወደ ባለ ሁለት ኮር አዞረ። በ2006 የወጣው ኮር 2 ዱዎ በአብዛኛው በ65 ዋት ስለተመደበ ቢቲኤክስን ያስወለደው ችግር ቀለለ፤ የቢቲኤክስም ሥራ በዚያው ዓመት ቆመ። ኤቲኤክስ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። የጎን ቱቦው ከሣጥኖቹ ጠፍቷል፤ አየሩ ከፊት ገብቶ በኋላ እንዲወጣ ፋኖቹን ማሰለፍም የገጣሚው ድርሻ ሆኗል።