የደጋ ደም፣ የቆላ ንዳድ

የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ የተንጣለለ ነው። የቢቸናና የሞጣ ከተሞች ከ2,400 ሜትር በላይ ይገኛሉ። ደገኛው ቆላ ወርዶ ቢያርስም ማደሩን አይወድም፤ ንዳድን፣ ማለትም ወባን፣ ይፈራል። ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ በዚህ ደጋ ለምን ብርቅ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ከዚሁ ፍርሃት ቢጀምር አይሳሳትም።

በሽታው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ቀይ የደም ሕዋስ ኦክስጅን ባነሰው ጊዜ እንደ ማጭድ ይቆለመማል፤ ቀጭን የደም ሥር ይዘጋል፤ ሕመምተኛው አጥንቱን ይቆረጥመዋል። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ተመራማሪው አንቶኒ አሊሰን እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጥናት እንዲህ ያለው ሰው ገዳዩን ወባ እንደሚቋቋም አሳየ። ዘሩ የጸናው ወባ ከዓመት ዓመት በማይለቅበት ቆላ የሆነውም ስለዚህ ነው፤ በአገራችን ጋምቤላን በመሰለ ምዕራባዊ ቆላ ይገኛል።

ወባ ከቆላው ወደ ከፍታው ወጥቶ አያውቅም ማለት ግን አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡም ሙቀቱም ከልማዱ ሲያልፍ፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ወረርሽኝ ተነሣ። ወረርሽኙን ያጠኑት ፎንቴይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት ዘገባ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ገመቱ። አሃዙ ግምት መሆኑ አይዘንጋ፤ የገጠሩን ሟች በየቀኑ የሚጽፍ መዝገብ አልነበረም። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚህ እልቂት በኋላ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ሞት ያስከተለው ወረርሽኝ ወባን የሚከላከለውን ዘር በደገኛው ውስጥ ለምን አላበዛውም? በእኔ አስተያየት፣ አንድ ክፉ ዘመን፣ የቱንም ያህል ቢጨክን፣ በብዙ ትውልድ የሚሠራውን አይሠራም። ዘሩም አስቀድሞ በሕዝቡ ውስጥ ካልነበረ ወረርሽኙ የሚመርጠው አያገኝም።

ዛሬ ግን ሰው ለሥራም ለትዳርም ከዳር እዳር ስለሚጓዝ በሽታው ደጋም ላይ ሊገጥም ይችላል። ሕመምተኛው ውኃ አዘውትሮ መጠጣት፣ ከብርድና ከወባ መጠበቅ አለበት፤ ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው መድኃኒትም የሕመሙን ግርሻ ይቀንሳል። ደጋ መውጣት ግን ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ጤነኛ ሰው እንኳ ከፍታ ላይ ጣፊያው ደም አጥቶ ግራ ጎኑን ሊወጋው ይችላል። ጣፊያን ከወባ ጋር ብቻ ማያያዝ በለመደ አገር፣ የሞጣ ሐኪም እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመው የወባ ምርመራ አዝዞ ብቻ አይቀመጥ፤ የወላጆቹንም አገር ይጠይቅ፣ የሄሞግሎቢን ምርመራም ይዘዝ።