የመጨረሻዋ ሰው ሰዓት

ባለፈው ቅዳሜ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ወጣን። «አብረን ነው የምንወጣው» የተባለው ታክሲ ውስጥ ነበር። ዳገቱ ሲጀምር ሦስቱም ተፈተለኩ። እኔ እያለከለክሁ እንጦጦ ማርያም ስደርስ እነሱ ሻያቸውን ጠጥተው ሒሳብ እየከፈሉ ነው። «ደረስሽ?» አሉኝ። «እኔ ደርሻለሁ፤ እናንተ ግን አልደረሳችሁም» ልላቸው አማረኝ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ታሪክ ያስፈልገኛል።

አድቬንቸር ሬሲንግ የሚባል ስፖርት አለ። ቡድን ሆናችሁ በእግር፣ በብስክሌትና በጀልባ ተራራና ወንዝ ታቋርጣላችሁ። መንገዱን የምታገኙት በካርታና በኮምፓስ ነው። በረጅሞቹ ውድድሮች ሰዓቱ ሌሊትም ይቆጥራል፤ እንቅልፍ ያማረው ከራሱ ሰዓት ላይ ቆርሶ ይተኛል።

ነገሩ በአንድ ቀን አልተወለደም። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1968 እንግሊዝ ውስጥ ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ድንኳናቸውንና ምግባቸውን ተሸክመው ሁለት ቀን ተራራ ለተራራ የሚሮጡበት ውድድር ተጀመረ። በ1983 ደግሞ ሮቢን ጀድኪንስ የተባለ የኒውዚላንድ ሰው ተወዳዳሪዎችን ከአንዱ የባሕር ዳርቻ አስነስቶ፣ እየሮጡ፣ ብስክሌት እየነዱና እየቀዘፉ ደሴቲቱን አቋርጠው ሌላኛው ዳርቻ እንዲደርሱ አደረገ። «ኮስት ቱ ኮስት» ይሉታል።

ቁም ነገሩ የመጣው በ1989 ነው። ዤራር ፉዚል የተባለ ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ (የሙያ ባልደረባዬ ነው፣ ልኩራ እንጂ!) «ሬድ ጎልዋዝ»ን እዚያው ኒውዚላንድ ጀመረ። ደንቡ ቀላል ነበር፦ አምስት ሰው፣ ቢያንስ አንዷ ሴት፣ አብሮ መጨረስ። በ1992 ኦማን ላይ ከተወዳደሩት አንዱ ማርክ በርኔት ነበር፤ በኋላ «ሰርቫይቨር»ን ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ያመጣው ሰውዬ። እሱም በ1995 ዩታ ውስጥ «ኢኮ ቻሌንጅ»ን አቋቋመና ስፖርቱን በየሰው ሳሎን አስገባው።

ዛሬ የተለመደው ቡድን ወንድና ሴት የተቀላቀሉበት አራት ሰው ነው። ደንቡ ግን ያው ነው፦ የቡድኑ ሰዓት የሚያዘው የመጨረሻው ሰው ሲገባ ነው። ስለዚህ ጠንካራው የደካማውን ቦርሳ ይሸከማል። ሲብስም በገመድ አስሮ ይጎትተዋል፤ ማንም አያፍርም። በ2014 ኢኳዶር ላይ አንድ የስዊድን ተወዳዳሪ ከምግቡ ሥጋ ያካፈለው የጎዳና ውሻ ቡድኑን በጭቃና በጫካ ተከተለ። ጀልባ ላይ ሲወጡ ትተውት ሊሄዱ ነበር። ውሃው ውስጥ ዘሎ ሲዋኝ ሲያዩ አሳፈሩትና አብሯቸው ገባ። አርተር ብለው ስም አወጡለት፤ ስዊድንም ወሰዱት።

እኛ ሯጭ የምናውቀው በአንደኛው ነው። በ2001 የመጀመሪያውን ታላቁ ሩጫ ኃይሌ እንዳሸነፈ እንናገራለን፤ መጨረሻ ማን እንደገባ ጠይቀን እናውቃለን? ብዙዎቻችን «ስፖርት ለእኔ አይደለም» ብለን የተውነው እግራችን ሰንፎ ሳይሆን የሚጠብቀን አጥተን ይመስለኛል።

መጀመር ለምትፈልጉ፦ በጥቂት ሰዓት የሚያልቁ የጀማሪ ውድድሮች አሉ። ለልምምዱ ግን ጀልባም አያስፈልግም። አራት ሁኑ፣ ካርታ ማንበብ ተማሩ፣ ከባዱን ቦርሳ ለፈጣኑ ስጡት፣ ቀርፋፋዋን ከፊት አስቀድሙ።

የፊታችን ቅዳሜ እንደገና እንጦጦ ነን። ቦርሳዬን ማን እንደሚሸከም ወስኛለሁ። ገመድም ገዝቻለሁ።