አርብ ገበያና የኮታው ዘመን

አርብ ገበያ የታች ጋይንት ከተማ ናት፤ ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀኗ ነው። ስለ እህል ፖሊሲ ባሰብሁ ቁጥር ይህ ስም ትዝ ይለኛል። ገበሬ ቀን ቆርጦ፣ እህሉን በአህያ ጭኖ፣ ከገዢው ጋር በዋጋ ተከራክሮ የሚሸጥበት ሥርዓት በስሙ ውስጥ አለና።

ደርግ በ1968 ዓ.ም. የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽንን ሲያቋቁም ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ለከተማ ነዋሪና ለጦሩ እህል በርካሽ ማቅረብ። ነጋዴው እንደ በዝባዥ ታየ። ገበሬው መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ኮታ እንዲያስገባ ተገደደ። በአዲስ አበባ የቀበሌ ሱቅ ጤፍ በቅናሽ ሲሸጥ፣ ቅናሹን የከፈለው ማን ነበር? እኔ ገበሬው ነበር እላለሁ። ምርት ያነሰበትማ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር!

የጋይንት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እህል የሚያጥረው አገር የሚኖረው ከተረፈው አገር በሚመጣ እህል ነው። ጎጃም ላይ የግል ነጋዴ ሲታገድ፣ በየኬላው ጭነት ሲያዝ፣ የተረፈው ገበሬ ዋጋ ወደቀ፤ ያጠረው አገር ገበያ ናረ። አንዱ ትእዛዝ ሻጩን በርካሽነት፣ ሸማቹን በውድነት ጎዳ።

ኮታው በ1982 ዓ.ም. ተነሣ፤ እህልም ከአገር አገር እንዲዘዋወር ተፈቀደ። በየገበያው መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት እየጠበበ ሄደ። ታች ጋይንት ግን ከዚያም በኋላ እህል ሸማች ሆኖ ቆየ፤ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ካቀፋቸው ወረዳዎች አንዱ እርሱ ነበር።