ቀጥቃጩ እንዴት «ባትላሜራ» ሆነ?

አንዲት ያገለገለች ኮሮላ ከግንብ ጋር ተሳስማ ስትመጣ ባለቤቷ የሚለውን አድምጡ። «ፓራውልቷ ተሰንጥቋል፣ ፍሬቻዋ ረግፏል፣ ፓራፋንጎዋ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ኮፈኗም ተጭሯል።» ይሄ አማርኛ ነው? ግሱ አዎ። ስሙ ግን አንድ ሳይቀር ጣልያንኛ ነው። ሰውየው ጋራዥ ከመሄድ ግቢዬ ውስጥ ልሞክረው ካለ ደግሞ በካቻቢቴ ይፈታል፣ በፒንሳ ይጎትታል፣ ላሜራውን ያቃናል፣ ስቱኮ ይለስናል። ያው ጣልያንኛ ነው። መኪናው ጃፓን ተሠርቶ፣ በዱባይ በኩል መጥቶ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሲጋጭ የሚያለቅሰው በሮማ ቋንቋ ነው።

እኛ ይሄ ነገር ሲያስቀን ኖሮ በቅርቡ ግን ያሳስበን ጀመር። ቃሉ ከየት መጣ የሚለው ቀላል ነው፤ ከጣልያን ጦር ጋር መጣ። ከባዱ ጥያቄ ቃሉ ሲመጣ የቱን የአማርኛ ቃል ገፍቶ እንደተቀመጠ ነው።

መንገዱን እንከተል። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ሐይቅን ታገኛላችሁ። ሐይቅን አልፋችሁ ወደ ወልድያ ስትቀጥሉ የአምባሰሏ ውጫሌ ትመጣለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣልያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ውሉን የተፈራረሙባት ውጫሌ። አንቀጽ 17ን ከትምህርት ቤት ያልሰማ የለም፤ በአማርኛው ንጉሡ በጣልያን መንግሥት በኩል መላላክ «ይችላሉ»፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታቸው ነው። የአንድ ግስ ልዩነት ዐድዋ አደረሰን (ግሱ ብቻ ነው ያደረሰን አንልም፣ ታሪክ አጥኚዎች እንዳይቆጡን)። ያኔ አንዲት የጣልያንኛ ቃል ሊያሳልፍ ያልፈቀደ ሕዝብ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ በዚያው መንገድ ዳር ቆሞ ፍሬቻን፣ ኩሽኔታን፣ ካንዴላን፣ ካላማዳሪያን፣ ፍሪሲዮንን ያለ ምንም ውልና ያለ ምንም አንቀጽ ተቀበለ።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ፣ ወደ መዶሻው። አገራችን ብረት መምታት ከጣልያን አልተማረችም። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን፣ ልጓሙን የሚሠራ ሰው ሁሌም ነበረ። ስሙ «ቀጥቃጭ» ይባላል። ስሙ ብቻ ሳይሆን ስድቡም ይኸው ነበር። ገበሬው ማረሻውን ከእሱ ይወስዳል፣ ልጁን ግን አይድርለትም። ቀን ብረት ይመታል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ዓይኑ ይበላል ይባልበት ነበር። ወሎም ከዚህ ንጹሕ አልነበረችም፤ ጎንደርም፣ ሸዋም፣ ትግራይም እንዲሁ።

ቴዎድሮስን አስቡ። መድፍ ሲያምራቸው ጋፋት ላይ ያሠሩት የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን ሰብስበው ነው። ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለማስጎተት ገደል እያስናዱ መንገድ አስጠረጉ፤ በ1860 ዓ.ም. አምባው ላይ አወጡት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሱ እንደነበር የጻፉ አሉ። ወሎ ውስጥ ትልቅ ብረት በመንኮራኩር ለማሳለፍ ተብሎ የተጠረገ ቀደምት መንገድ ማለት ይኸው ነው። የተጓዘው ብረት ግን የአገሬውን ቀጥቃጭ ስም አላነሳውም።

ምኒልክ ጋ ስንደርስ አንድ የሚገርም መገጣጠም አለ። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ ያደረሳት በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ አዋጅ አወጡ፤ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን ማለት ነው። መኪናዋና አዋጁ በአንድ ዓመት! ሁለቱ ተነጋግረው የመጡ አይደሉም፤ ለእኛ ግን ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙ ይናገራሉ። መኪናዋን ሕዝቡ ግር ብሎ ወጥቶ አያት። አዋጁን ሰማ፣ ስድቡን ግን አልተወም።

ከዚያ 1928 ዓ.ም. መጣ። ከማይጨው በኋላ ጣልያን ሚያዝያ ላይ ደሴን ያዘ። ባዶሊዮ ከደሴ ተነስቶ አዲስ አበባ ሲገባ ይዞት የተጓዘው የመኪና ሰልፍ ከ1,500 በላይ ነበር። ፊያት፣ ላንቺያ፣ ፎርድ ሳይቀር። እስቲ አስቡት፤ ያን ሁሉ መኪና በዚያ ጭቃና በዚያ ዳገት። የሚሰበረው ባሌስትራ፣ የሚጨማደደው ፓራፋንጎ፣ የሚፈነዳው ጎማ ስንት ይሆን? ቀጥሎም ከአስመራ በወልድያ፣ በሐይቅ፣ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ ተሠራ፤ ጣርማበርም ተበሳ። መንገድ ካለ ብልሽት አለ፣ ብልሽት ካለ ጋራዥ አለ፣ ጋራዥ ካለ «ያንን መዶሻ አቀብለኝ» የሚባል የአገሬው ልጅ አለ። ልጁ ያንን መዶሻ የሚያውቀው በጌታው ቋንቋ ነው።

በ1933 ዓ.ም. ወራሪው ተሸነፈ። ሁሉም ጣልያን ግን አልሄደም። ብዙ መካኒክና ግንበኛ እዚሁ ቀረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በቀል እንዳይፈጸም አዘዋል። የቀረው ጣልያን ጋራዥ ከፈተ፣ የአገሬው ልጅ ሥር ሥሩ እያለ ሙያውን ለቀመ። ከሙያዎቹ አንዱ የተጨማደደ የመኪና አካል ማቃናት ነው። የሠራተኛው ስም «ባትላሜራ»፣ አንዳንዱ አሳጥሮ «ባትላሜ» ይለዋል። ጣልያንኛውን ብትፈቱት «ባቲ» መምታት፣ «ላሚዬራ» ቆርቆሮ ወይም ዝርግ ብረት ነው። ብረት መቺ። በአማርኛ ደግሞ ምን ይባላል? ቀጥቃጭ!

ነገሩ ይኸው ነው እንግዲህ። ያው መዶሻ፣ ያው ብረት፣ ያው ላብ። አባቱን በዚያ ስም ሲጠሩት አንገቱን የሚደፋ ልጅ በጣልያንኛው ሲጠሩት ደረቱን ነፋ። ባትላሜራ ሚስት ያገባል። ባትላሜራ ደሴ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ያዝዛል። ምኒልክ በአዋጅ ያልቻሉትን አንድ የባዕድ ቃል ቻለው ብንል ማጋነን አይመስለን። የሚያናድደው፣ ያንን ክብር ያመጣው ቃል የመጣው በመርዝ ጋዝ ከመጣው ጦር ጋር መሆኑ ነው። ለዚህ ማንንም አናመሰግንም። ክብሩን ለራሱ የወሰደው ልጁ ነው፣ ቃሉን እንደ መሣሪያ አንስቶ።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ሐይቅ ላይ የአንዱን ጓደኛችንን መኪና በር ለማቃናት ስንጋጋጥ አንድ ጎረቤት ሽማግሌ አጥሩን ተደግፈው ሲያዩን ቆዩ። በኋላ አልቻሉም፣ ገቡ። በ1950ዎቹ ደሴ ሙያውን የተማሩ ባትላሜራ ኖረዋል።

«ጋሼ፣ ከጣልያን ነው የተማሩት?»

«ኧረ እኔን ምን አደረሰኝ! ያስተማረኝ ሰውዬ ነው ለጣልያን ዕቃ ሲያቀብል የኖረው። አሁን በሉ፣ እናንተ ልጆች፣ ያን መዶሻ አስቀምጡትና መጀመሪያ እጠቡት።»

ያሳዩንን እንንገራችሁ፣ እቤታችሁ ለምትሞክሩ ይጠቅማችኋል። ጭረት ስታዩ ጥፍራችሁን አሳልፉበት። ጥፍር ካልያዘው ጉዳቱ ከላይኛው አንጸባራቂ ቀለም አላለፈም፤ በጥሩ ፖሊሽና በጨርቅ ይለቃል። ጥፍር ከያዘው ቀለሙ ተቆርጧል። ላሜራው ነጭ ሆኖ ከታየ ደግሞ ቀን አትስጡት፣ ዝገት አይጠብቅም። ወደ ውስጥ የገባን ላሜራ መሐሉን አትምቱ፤ ይወጠርና ወዲያና ወዲህ የሚል ቆርቆሮ ይሆንባችኋል። ከውጭ ድጋፍ ይዛችሁ ከውስጥ ከዳር ወደ መሐል በቀስታ ነው። ፓራውልት ፕላስቲክ ስለሆነ መዶሻ አይወድም፤ የፈላ ውኃ አፍስሳችሁ ከውስጥ ስትገፉት ብዙ ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስቱኮ በስሱ፣ ማጠንከሪያው በጣም በትንሹ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ መጨረሻ ላይ በውኃ። ቀለም በጠዋት ነው የሚረጨው፣ ንፋስ አቧራ ሳያነሳ። ቲነር የምታሸቱትን አፍንጫችሁንም ሸፍኑ።

ስቱኮው ላይ ግን ሽማግሌው ኮስተር አሉ። «ስቱኮ ቆዳ ነው፣ ሥጋ አይደለም። ላሜራው መጀመሪያ ይስተካከል።» በእሳቸው ልጅነት ጉድጓድ የሚሞላው በቀለጠ ቆርቆሮና እርሳስ ነበር አሉን፤ ያ ሙያ ይጠይቃል፣ አያታልልም። የዛሬው የፖሊስተር ስቱኮ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። ሥራውን ለሁሉም አቀለለው፣ ውሸቱንም አብሮ አቀለለው። ጣት የሚያህል ስቱኮ ተለጥፎበት፣ አናቱ ላይ ቀለም ተነፍቶበት «አደጋ ያልነካት» ተብላ የምትሸጥ መኪና ስንት አለች! ልትገዙ ስትሄዱ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በሩ ላይ የተጣበቀው ማግኔት ፓራፋንጎው ላይ ሲደርስ ከወደቀ ሥር ያለው ላሜራ አይደለም። በጣታችሁ አንኳኩት፣ ድምፁም ይለያል። ለሻጩ ምንም አትበሉ፣ ዋጋው ራሱ ይወርዳል።

እዚሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ መጻሕፍት ይገለበጡ ነበር። የአገራችንን የብራና መጻሕፍት ያየ ያውቃል፤ ቆዳው ሲፋቅ የተበሳ ከሆነ በክር ይሰፋል፣ ጸሐፊውም ስፌቱን ዞሮ ይጽፋል። ስፌቱ ለዘመናት ይታያል፣ ማንም አያፍርበትም። እኛ የመኪና በር ላይ ትንሽ ስፌት ቢታይ ምን ይለናል?

ያገለገለ መኪና ማቃናት ደግሞ ከእንግዲህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን አስወደደው። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል ተባለ። ያለችን ቪትዝና ዲኤክስ ያለችን ናት ማለት ነው። ኩባውያን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የአሜሪካ መኪና ሲቋረጥባቸው የነበራቸውን ሸቭሮሌት በመዶሻና በቀለም እስከ ዛሬ አቆይተዋል፤ ቱሪስት ገንዘብ ከፍሎ ይጋልባቸዋል። የሱማሌ ተራ ልጆች ይህን ሲሰሙ «እሱማ የእኛ የዘወትር ሥራ ነው» ይላሉ።

ቃሉም እየተለወጠ ነው። የዛሬ ልጆች «ባትላሜራ» ሲባሉ እየሳቁ «ቦዲ ሠራተኛ» ብለው ያርማሉ፤ እንግሊዝኛው ደግሞ በተራው የተሻለ ክብር ያለው መስሏቸው። አንድ ቀን ሽማግሌው ግቢ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ቆማ ነበር፣ ለጭረት የመጣች። ማግኔታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ኮፈኑ ላይ አደረጉት፣ ወደቀ። ጎኑ ላይ ሞከሩት፣ ያዘ። ኮፈኑ ጋ ተመለሱ፣ አሁንም ወደቀ። ስቱኮ ነው ብለው ሊፈርዱ ሲሉ ልጅየው አልሙኒየም መሆኑን ነገራቸው። ማግኔቱን ኪሳቸው መልሰው በጣታቸው ማንኳኳት ጀመሩ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው።